ቡዳን ማን ቆጠረው? የሥነ ልቦና ጥናትና የደቡብ ጎንደር ባለ እጆች

መግቢያ

በደቡብ ጎንደር፣ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ፣ በአንድ ገበሬ ቤት ያለውን ዕቃ ብንቆጥር ባለ እጅ ያልነካው ጥቂት ነው። መሬት የሚታረስበት ማረሻ፣ እህል የሚታጨድበት ማጭድ፣ እንጨት የሚፈለጥበት መጥረቢያ ከቀጥቃጭ ወናፍ ፊት የወጡ ናቸው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ፣ ወጥ የሚሠራበት ድስት፣ ቡና የሚፈላበት ጀበና ከሸክላ ሠሪ እጅ የወጡ ናቸው። ሆኖም በዚያው ምጣድ ላይ የተጋገረው እንጀራ፣ ምጣዱን የሠራችው ሴት ዐይን እንዳያርፍበት ተብሎ ይሸፈናል። ልጇ የእኛን ልጅ ካየው ያሳምመዋል ተብሎም ይፈራል። ይህ እምነት ቡዳ በሚል ስም ይታወቃል።

ይህ ጽሑፍ ቡዳ አለ ወይስ የለም በሚለው የቆየ ክርክር ላይ ብዙ አይቆይም። ጥያቄው ሌላ ነው። በእርሻው፣ በገበያውና በዳኝነቱ የማይታለል አስተዋይ ሰው ይህን ነገር «በዐይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ» የሚለው እንዴት ነው? የሥነ ልቦና ምርምር ለዚህ የሚረባ መልስ አለው፤ መልሱም የገጠሩን ሰው ከከተሜው፣ ያልተማረውን ከተማረው አይለይም። የአቅራቢው አቋም በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የቡዳ እምነት ጸንቶ የቆየው የሰው ልጅ አእምሮ ሁሉ በሚሠራው አንድ የቆጠራ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የሁላችንም ሲሆን ዕዳውን የሚከፍሉት ግን የታመመ ሕፃንና የባለ እጅ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ምሩቅ ወደ ቀዬው ይዞ ሊመለስ የሚገባው ፌዝን ሳይሆን ትክክለኛ ቆጠራን ነው።

እምነቱና ስሙ የሚወድቅባቸው

በእምነቱ መሠረት ቡዳ በዘር የሚወረስና በዐይን የሚሠራ ኃይል ነው። ቡዳ የተባለው ሰው መልከ መልካም ሕፃን፣ የጣፈጠ ምግብ ወይም ኑሮው የተሳካለትን ሰው ሲያይ «ይበላል»። የተበላው ሰው በድንገት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይከሳል፣ ይለፈልፋል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። ቡዳው ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል የሚል ትረካም አለ። ለመከላከያ ሲባል ልጅን ያደነቀ ሰው «እንትፍ እንትፍ» ይላል፤ በሕፃኑ አንገት ክታብ ይታሰራል። ታሞ የተገኘውን ደግሞ ጭስ ያሸትቱታል፤ «ማን በላህ?» እያሉም ይጠይቁታል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሮናልድ ሬሚኒክ ስለ መንዝ አማሮች በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የመዘገበው እምነት ከዚህ ጋር በብዙው ይገጥማል። ከመንዝ እስከ በጌምድር ያለው ደጋ በዚህ ረገድ የጋራ ቅርስ አለው ማለት ይቻላል።

ስሙ በአብዛኛው የሚወድቀው በቀጥቃጭ፣ በሸክላ ሠሪ፣ በፋቂና በሸማኔ ላይ ነው። በጎንደር ምድር ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤላውያን መተዳደሪያ ስለነበር ስሙ በእነርሱ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ዘመቻዎች እጅግ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ቡዳነት በእነርሱ ዐይን ውስጥ የነበረ ኃይል ቢሆን ኖሮ ሕመሙም አብሯቸው በሄደ፣ ቢያንስ በቀነሰ ነበር። ሆኖም «ተበላ» የሚባለው በሽተኛ ዛሬም አለ፤ ስሙም እዚያው ለቀሩት ባለ እጆች ተረፈ። ይህ ብቻውን ሊያሳስብ የሚገባ ነገር ነው።

ደብረ ታቦር በዚህ ጉዳይ የተለየ ምስክር ናት። ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው ከአገሬው ሠራተኞች ጋር መድፍ አስቀልጠዋል። ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍም እዚያ ተሠርቶ በብዙ ድካም እስከ መቅደላ ተጎትቷል። የአገሪቱ መሪ ብረት ማቅለጥን የመንግሥታቸው ታላቅ ተስፋ አድርገው ሲያዩ፣ በዚያው ምድር ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ግን በጎረቤቱ ዘንድ የሚፈራና የሚናቅ ሆኖ ቀጠለ። ኋላም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጁ። ከዐዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዐዋጅ ስድብን ከአደባባይ ሊያነሣ ይችላል፤ ሰው በልቡ የያዘውን የማስረጃ መዝገብ ግን አይለውጥም። ስለዚህ መዝገቡ ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ መመርመር ያስፈልጋል።

አእምሮ እንዴት ይቆጥራል?

በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን ለ29 ተማሪዎች ሦስት ቁጥሮች ሰጣቸው፦ 2፣ 4፣ 6። ቁጥሮቹ የተደረደሩበትን ደንብ እንዲያገኙ፣ ለዚህም የራሳቸውን ሦስት ሦስት ቁጥሮች እያቀረቡ እንዲጠይቁ ነገራቸው። ብዙዎቹ «ደንቡ በሁለት መጨመር ነው» ብለው ገመቱ፤ ከዚያም 8፣ 10፣ 12 እያሉ ግምታቸውን የሚደግፉ ቁጥሮችን ብቻ አቀረቡ። ትክክለኛው ደንብ ግን እያደጉ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች የሚል ነበር። አስቀድሞ የተሳሳተ መልስ ሳይሰጡ ደንቡን ያገኙት 6 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹን ያሳታቸው የዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ ግምታቸውን ሊያፈርስ የሚችል ጥያቄ አለመጠየቃቸው ነው።

ለእኛ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ የሚቀርበው ያን ስሜድስሉንድ የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ነው። ስሜድስሉንድ ለነርሶች 100 ካርዶች ሰጣቸው። እያንዳንዱ ካርድ አንድ በሽተኛን የሚወክል ሲሆን፣ አንድ ምልክት እንደታየበትና እንዳልታየበት፣ አንድ በሽታም እንደያዘውና እንዳልያዘው ይገልጻል። ምልክቱ ከታየባቸው 70 ሰዎች መካከል 37ቱ በሽታው ነበረባቸው፤ ምልክቱ ካልታየባቸው 30 ሰዎች መካከል ደግሞ 17ቱ ነበረባቸው። በመቶኛ ሲሰላ 53 ለ57 ገደማ ነው። ምልክቱ በሽታውን አይጠቁምም ማለት ነው። ሆኖም አብዛኞቹ ነርሶች በምልክቱና በበሽታው መካከል ዝምድና አለ አሉ። ዐይናቸው የተሳበው ምልክቱና በሽታው አብረው ወደተገኙባቸው 37 ካርዶች ነበር።

ይህን ወደ ገበያ ቀን እናምጣው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ገበያ ውላ ትመለሳለች። አራት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛ፣ ባለ እጅ ልጁን አይቶት ልጁ ይታመማል። ሁለተኛ፣ አይቶት አይታመምም። ሦስተኛ፣ ሳያየው ይታመማል። አራተኛ፣ ሳያየው አይታመምም። ምጣድ ሻጯ በአንድ የገበያ ቀን የምታያቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በሰላም ያድራሉ። ይሁንና ልጁ በሰላም ባደረበት ሌሊት «ዛሬ ሸክላ ሠሪዋ አይታው ነበር፤ ምንም አልሆነም» ብሎ የሚያወራ የለም። ወሬ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሦስተኛው እንኳ ወደ መጀመሪያው ይለወጣል፤ «ሳላየው አይቶት ይሆናል» ይባላልና። እንዲህ ሲሆን ከአራቱ መደቦች አንዱ ብቻ ይመዘገባል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ከዚያም ሰውየው «በሕይወቴ ሦስት ጊዜ በዐይኔ አይቻለሁ» ሲል እውነቱን ነው። ያየውን ሦስቱን ቆጥሯል። ያልቆጠራቸው ብዙዎቹን ነው።

የመድኃኒቱም ምስክርነት ከዚህ አይለይም። ሕመምተኛ ጭስ የሚያሸትተው ሕመሙ በጠናበት ሰዓት ነው። ብዙ የሆድ ሕመምና ብዙ ትኩሳት ደግሞ ከበረታ በኋላ በራሱ ይቀንሳል። ይህ ተመራማሪዎች ወደ አማካይ መመለስ የሚሉት ነገር ነው። ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳመለከቱት፣ የበረራ አሠልጣኞች ተማሪን ሲገሥጹት ይሻሻላል፣ ሲያመሰግኑት ይበላሻል ብለው ያምኑ ነበር። እጅግ ደካማ ከሆነ በረራ በኋላ የሚሻል፣ እጅግ ጥሩ ከሆነ በረራ በኋላ ደግሞ የሚያንስ መምጣቱ ግን ያለ ግሣጼም ያለ ምስጋናም የሚጠበቅ ነው። የተሻለው በሽተኛ «ጭሱ አዳነው» ሲባል፣ የሞተው ደግሞ «ዘግይተን ደረስንበት» ይባላል። ሁለቱም ውጤቶች ለአንድ እምነት ማስረጃ ከሆኑ፣ እምነቱን ሊፈትን የሚችል ውጤት አልቀረም ማለት ነው።

«ማን በላህ?» የሚለው ጥያቄ

ብዙ ሰው ለእምነቱ ጠንካራ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው በሽተኛው ራሱ የበላውን ሰው ስም መጥራቱን ነው። «ራሱን ስቶ፣ ምንም ሳያውቅ ስሙን ጠራ» ይባላል። እዚህ ላይ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይረዳናል። ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። በጥያቄው ውስጥ «ሲላተሙ» የሚል ኃይለኛ ግሥ የሰሙት በአማካይ በሰዓት 40.8 ማይል ሲሉ፣ «ሲነካኩ» የሚል ለስላሳ ግሥ የሰሙት 31.8 ማይል አሉ። ፊልሙ አንድ ነበር፤ የተለወጠው አንድ ቃል ነው።

«ማን በላህ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ እጅግ የከበደ ነገር በውስጡ ይዟል። የሚበላ ሰው መኖሩን፣ በሽተኛውም መበላቱን አስቀድሞ ወስኖ የሚጠይቀው ስም ብቻ ነው። በትኩሳት የሚቃጠል፣ በጭስ የታፈነ፣ በሚጨነቁ ዘመዶች የተከበበ ሰው ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ሲሰማ ከየት ስም ያመጣል? ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠረጠር ከሰማው ቤት ያመጣል። የተጠራው ስም የመንደሩን የቆየ ጥርጣሬ መልሶ የሚያሰማ ድምፅ ነው። መንደሩም የራሱን ድምፅ ሰምቶ «ይኸው ተረጋገጠ» ይላል።

ዕዳውን ማን ይከፍላል?

ስሕተቱ ጉዳት ባይኖረው ኖሮ እንደ ተረት ተደስተን በተውነው ነበር። የመጀመሪያው ዕዳ ግን በሕፃናት ላይ ይወድቃል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ መለፍለፍና ራስን መሳት በእምነቱ የቡዳ ምልክቶች ናቸው። እነዚሁ ምልክቶች የከባድ ወባ፣ የማጅራት ገትርና የሚጥል በሽታ ምልክቶችም ናቸው። የደብረ ታቦር ከተማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወደ ፎገራና ወደ ሊቦ ከምከም ዝቅተኛ ቦታዎች ሲወረድ ወባ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወባ የተጠረጠረበት ሰው ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ምርመራና ሕክምና እንዲያገኝ ይመክራል። እንዲህ ላለው ሕፃን አንድ ሌሊት ጭስ ሲያሸትቱት ማደር ከዚህ ጊዜ ትልቁን ክፍል ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ እንዲኖር መደረጉ ትልቅ ዕድል ነው። ይሁን እንጂ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የሕንፃው ርቀት ብቻ ሳይሆን ለሕመሙ የሰጠው ስም ጭምር ነው። አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በቡታጅራ ገጠር አካሂደው በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ሰዎች ለአካል በሽታ ዘመናዊ ሕክምናን ሲመርጡ፣ የአእምሮ መታወክ ምልክት ላሉት ግን ባህላዊውን መንገድ ይመርጡ ነበር።

ሁለተኛው ዕዳ በባለ እጁ ቤተሰብ ላይ ይወድቃል። ጋብቻ ይከለከላል፤ በማኅበርና በድግስ መለየት ይኖራል፤ ልጆች በትምህርት ቤት በስም ይጠቀሳሉ። የመጨረሻው ቀላል የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ካርላ ሆፍና ፕሪያንካ ፓንዴይ በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ገጠር በ6ኛና በ7ኛ ክፍል ወንዶች ልጆች ላይ ያደረጉት ሙከራ ግን ሌላ ያሳያል። 321 ከፍ ካለው፣ 321 ደግሞ ዝቅ ከተደረገው ወገን የመጡ ልጆች የወረቀት ላይ መንገድ ፍለጋ እንቆቅልሽ እንዲፈቱ ተደረገ። የዘር ወገናቸው ሳይነሣ በሠሩ ጊዜ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ወገናቸው በሌሎቹ ልጆች ፊት ሲነገር ግን ዝቅ የተደረጉት ልጆች ውጤት በግልጽ ወረደ። ችሎታቸው በደቂቃዎች ውስጥ አልጠፋም፤ የጠፋው በፍትሕ እመዘናለሁ የሚለው እምነታቸው ነው ሲሉ ተመራማሪዎቹ ተርጉመውታል። የሕንድ ሥርዓት የእኛ አይደለም። ነገር ግን የቀጥቃጭ ልጅ በክፍል ውስጥ በአባቱ ሥራ ሲጠራ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለመገመት ይህ በቂ ነው። በኋላ ውጤቱ ሲያንስ «ድሮስ የእነርሱ ልጅ» ይባላል፤ እዚህም ማስረጃውን የሚሠራው እምነቱ ራሱ ነው።

ፌዝ ስለማይረዳ ነገር

ተማርን የምንል ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሁለት ልማዶች አሉን። አንዱ «ኋላ ቀር አመለካከት» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው በስብሰባ ቡዳን አውግዞ፣ ለልጁ ጋብቻ ሲመጣ ግን የአያት ቅድመ አያት ሥራ ማጣራት ነው። ሁለቱም ሰውን አያስተምሩም። የተናቀ ሰው የሚናገረውን ቢያጣ እንኳ ሐሳቡን አይለውጥም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ፣ ይብሱኑ ይጸናል።

ሆሊን ጆንሰንና ኮሊን ሴይፈርት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው። ስለ አንድ መጋዘን ቃጠሎ ለሰዎች ታሪክ ነገሩ፤ በመጀመሪያ ቀለምና የጋዝ ሲሊንደር በግዴለሽነት ተቀምጦ ነበር ተባለ፤ ቆይቶ ይህ ስሕተት እንደሆነ ተገለጸ። ሰዎቹ መታረሙን ቢያስታውሱም ቃጠሎውን ሲያብራሩ ወደ ቀለሙና ወደ ጋዙ ይመለሱ ነበር። ስሕተቱን መተው የቀለላቸው ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ሆን ተብሎ እሳት የተለቀቀበት ምልክት መገኘቱ ሲነገራቸው ነው። አእምሮ ባዶ ቦታ አይወድም። ስለዚህ ልጇ የተንቀጠቀጠባትን እናት «ቡዳ የሚባል ነገር የለም» ብሎ መመለስ ምክንያቱን ነጥቆ ባዶዋን መስደድ ነው። «ይህ የወባ ምልክት ነው፤ ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይመረመራል፤ ውጤቱንም አብረን እናያለን» ማለት ግን ለነጠቁት ምክንያት ምትክ መስጠት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና ይህን ልዩነት ሊያካትት ይገባል።

ከማስረዳት ባሻገር አብሮ መሥራት ያስፈልጋል። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ በተራራቁ ወገኖች መካከል ጥላቻን የሚያቀንሰው መገናኘት እንዲሁ መተያየት አይደለም። እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ መተባበርና የተቋም ድጋፍ ሲኖረው ነው። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 እ.ኤ.አ. 515 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ መገናኘት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ አገኙ። ይህ ለእኛ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይፈታል። ገበሬውና ቀጥቃጩ በየገበያው እየተገናኙ ለምን አልተቀራረቡም? ግንኙነታቸው የሻጭና የገዢ፣ ያውም የተፈራና የፈሪ ስለሆነ ነው። እኩልነት የለበትም።

በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ ተቃራኒውን የሚያሳይ ማኅበረሰብ አለ። በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ዋና መተዳደሪያው ሽመና ነው። ሽመና በብዙ ቦታ የሚናቅ ሙያ ሳለ እዚያ ወንዱም ሴቱም የሚሠራው የክብር ሥራ ሆኗል። ማኅበረሰቡ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ከአካባቢው ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ቀዬውን ለቅቆ እስከ መሰደድም ደርሶ ነበር። ተቃውሞው በቡዳ ስም የመጣ ሳይሆን በአኗኗራቸው ልዩነት ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከባለ እጆቹ ጋር አንድ ነው አንልም። የሚያስተምረን ግን አንድ ነገር አለ፤ የአንድ ሙያ ክብር ወይም ውርደት ከሙያው ተፈጥሮ የሚወጣ አይደለም፤ በአንድ ትውልድ ውስጥም ሊለወጥ ይችላል። መወርወሪያው ያው መወርወሪያ ነው፤ የተለወጠው የሠሪዎቹ አቋም ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ እምነትን መንካት ነው» የሚል ነው። አይደለም። ጸሎትና ጸበል ከጤና ኬላ ጋር የሚጣሉበት ምክንያት የለም፤ እናት ልጇን በጸሎት አጅባ ወደ ምርመራ ልትወስደው ትችላለች። ይህ ጽሑፍ የሚቃወመው ሁለት ነገሮችን ብቻ ነው፤ ሕክምናን ማዘግየትንና ጎረቤትን ያለ ማስረጃ መክሰስን። ሁለቱንም የሚያዝዝ ሃይማኖት በመካከላችን የለም።

ሁለተኛው «እምነቱ ትሕትናን ያስተምራል፤ ሰው በሀብቱና በልጁ እንዳይመካ ያደርጋል» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። መሬት በተጣበበበት ደጋ የአንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት ሆኖ ሲታይ፣ ቅናትን መፍራትና አለመመካት ሰላም ይጠብቃል። ሆኖም ትሕትና ለመማር አንድን ወገን የበደል መክፈያ ማድረግ አያስፈልግም። «እንትፍ እንትፍ» ማለቱ ማንንም ካልጎዳ ይቀጥል፤ ጣት መቀሰሩ ግን ይቁም።

ሦስተኛው ከምሁራን ወገን የሚመጣ ነው፤ «የጠቀስካቸው ጥናቶች የፈረንጅ ተማሪዎች ጥናት ናቸው» የሚል። ትክክለኛ ወቀሳ ነው። ጆሴፍ ሄንሪክ፣ ስቲቨን ሃይነና አራ ኖሬንዛያን በ2010 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ሳይንስ የበለጸጉ የምዕራብ አገሮችን ሰዎች ብቻ እያጠና ስለ ሰው ልጅ ሁሉ እንደሚናገር ተችተዋል። ለዚህ ወቀሳ የሚሆነው መልስ ግን ጥናቶቹን መጣል አይደለም። እዚህ መድገምና መፈተን ነው። ይህም ወደ መጨረሻው ነጥብ ያመጣናል።

ለተመራቂዎች የቀረበ ሐሳብ

በየዓመቱ ከሥነ ልቦና፣ ከሶሺዮሎጂና ከጤና ትምህርት ክፍሎች የሚወጡ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የዕውቀት፣ የአመለካከትና የተግባር መጠይቅ ናቸው። «በቡዳ ያምናሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ጠያቂው ከዩኒቨርሲቲ መምጣቱን ሲያይ «አላምንም» ይላል። ወረቀቱ ይሞላል፤ እውነቱ ግን ቤት ይቀራል። በምትኩ ሦስት ዓይነት ሥራዎች ቢሞከሩ ይበጃል።

አንደኛው በጤና ኬላ የሚሠራ ቆጠራ ነው። ለተወሰኑ ወራት ታመው የመጡ ሕፃናት ወላጆች «ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው? ወደዚህ ከመምጣታችሁ በፊት የት ሄዳችሁ? ስንት ሰዓት ፈጀ?» ተብለው ይጠየቁ። ይህ እምነትን ሳይሆን ጊዜን ይለካል፤ ማንንም አያሳፍርም፤ ውጤቱም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወዲያው ይጠቅማል።

ሁለተኛው የአራቱን መደብ ቆጠራ ማስተማር ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በአንድ ወር ውስጥ ስለ አንድ የታወቀ እምነት፣ ለምሳሌ ዐይን ሲርገበገብ እንግዳ ይመጣል ስለሚለው፣ የሆነውንም ያልሆነውንም በየቀኑ ይመዝግቡ። በቡዳ መጀመር አያስፈልግም፤ ማንንም በማይነካ ነገር መጀመር ይሻላል። አራቱንም መደብ መሙላት የለመደ ልጅ ነገ ስለ ጎረቤቱ ሲወራ የቀሩትን ሦስቱን መደቦች ይጠይቃል።

ሦስተኛው የማኅበራዊ ርቀት ልኬት ነው። ኤሞሪ ቦጋርዱስ በ1925 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መለኪያ ሰው ከሌላ ወገን ጋር በጋብቻ፣ በጉርብትና፣ በሥራ እስከ ምን ድረስ እንደሚቀራረብ ይጠይቃል። ለእኛ አገር በሚስማማ መልኩ፣ ለምሳሌ «አብሮ ማዕድ መቁረስ»፣ «አንድ ዕድር መግባት»፣ «ልጅ መዳር» በሚሉ ደረጃዎች ቢዘጋጅ፣ በየአምስት ዓመቱ እየተለካ ለውጥ መኖሩንና አለመኖሩን ያሳየናል። ከዚህ ጎን መምህራን ተማሪን በወላጁ ሥራ እንዳይጠሩ የሚያደርግ ግልጽ የትምህርት ቤት ደንብ ያስፈልጋል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅና ነገ ሊጀመር የሚችል ነው።

ማጠቃለያ

የቡዳ እምነት የተሠራው ከእውነተኛ ሕመም፣ ከእውነተኛ ፍርሃትና ካልተሟላ ቆጠራ ነው። ሕመሙን የጤና ባለሙያው ያክመው። ፍርሃቱን እኩልነት ያለበት ጉርብትና ያርግበው። ቆጠራውን ማሟላት ግን የምሩቁ ድርሻ ነው፤ የተማረውም ለዚህ ነውና። የጋፋትን መድፍ እያነሣን በታሪካችን እንኮራለን። በዚያው ምድር ዛሬም ማረሻ እየቀጠቀጠ የሚያበላን ሰው፣ በልጃችን ሕመም ያለ ምስክር የሚከሰስበት ጊዜ ማብቃት አለበት።